የአስም መድኃኒት ዋጋና የገበሬው የጤና መድን

የመኸሩ እህል ታጭዶና ተከምሮ አውድማ ላይ የሚበራይበት ወቅት ለገበሬው ቤተሰብ የዓመቱ ልፋት ፍሬ የሚታይበት፣ ጎተራ የሚሞላበት፣ ዕዳ የሚከፈልበትና ልጅ የሚዳርበት ወቅት ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ወቅት መንሹን ይዞ ከአውድማው መሐል ሊቆም የማይችል፣ ቢቆምም ማታ ቤቱ ገብቶ መደብ ላይ እንደተቀመጠ የሚያነጋ ገበሬ በየመንደሩ አለ። የጤፉ እብቅና የገለባው ብናኝ ደረቱን ይዘጋዋል፤ ትንፋሹ ያፏጫል፤ ሳሉ እንቅልፍ ይነሳዋል። ጎረቤት ብርድ መታው ይላል። በሽታው ግን አስም ነው።

ይኸው ወቅት የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የዓመት መዋጮ የሚሰበሰብበት ወቅትም ነው። እህል ሽጦ ጥቂት ገንዘብ የያዘ ገበሬ መዋጮውን ከመክፈሉ በፊት «ከፍዬ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአስም በሽተኛው ቤት ይህ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ መልሱ በጤና ጣቢያው የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ባለ ወይም በሌለ አንድ ትንሽ ዕቃ የሚወሰን ሆኖ ይገኛል። ይህም ዕቃ በአፍ የሚሳበው፣ በተለምዶ «ፓፍ» እየተባለ የሚጠራው መድኃኒት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአስም ሕመም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455,000 ያህሉ በዚሁ በሽታ ሕይወታቸው አልፏል። ከሟቾቹ የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ለዚህም ምክንያቱ መድኃኒቱ አለመፈልሰፉ አይደለም። በአፍ የሚሳበው፣ መጠኑ ተለክቶ የሚረጨው መሣሪያ ከተሠራ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ነው። ሳልቡታሞል እ.ኤ.አ. በ1969፣ ቤክሎሜታሶን ደግሞ በ1972 ገበያ ላይ ውለዋል። ሁለቱም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠሩ፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸው ከተቃጠለ ብዙ ዘመን የሆናቸው፣ በልዩ ልዩ አገሮች ፋብሪካዎች የሚመረቱ መድኃኒቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ልዩነት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የገበሬው ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው ይህ ልዩነት ሳይታወቅ በመቅረቱ ነው። ሳልቡታሞል የተዘጋውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ የሚከፍት አስታጋሽ ነው። በሽተኛው ወዲያው እፎይ ስለሚል ያምነዋል፤ ይወደዋልም። ቤክሎሜታሶንና የእርሱ ዓይነት የሆነው ቡዴሶናይድ ግን በየዕለቱ ሲወሰዱ የቧንቧውን እብጠት ቀስ በቀስ የሚያበርዱ ተከላካዮች ናቸው። የዛሬ ስቡ የዛሬን ሌሊት ላያሻሽል ይችላል። በዚህም የተነሣ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ በሳምንቱ ይጥለዋል። ዳሩ ግን በሽተኛውን ከሆስፒታል አልጋና ከሞት የሚያድነው ይኸው ዝምተኛው መድኃኒት ነው። የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ አካል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ወጣቶች በአስታጋሹ ብቻ እንዳይታከሙ መክሯል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የአስታጋሽ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ሕመም የተጋለጠ መሆኑን፣ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ የሞት አደጋው ከፍ የሚል መሆኑን ይኸው መመሪያ ያስገነዝባል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ርጭት ይይዛል። ሕመሙ በተከላካይ መድኃኒት የተገታለት ሰው በሳምንት አራት ርጭት ቢፈልግ አንዱ ፓፍ 50 ሳምንት፣ ማለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያቆየዋል። ተከላካይ የሌለውና በቀን ስምንት ጊዜ ለመርጨት የተገደደው ግን በ25 ቀን ይጨርሰዋል፤ በዓመትም አሥራ አምስት ያህል መግዛት ይኖርበታል። የአንዱ ፓፍ ዋጋ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን አሥራ አራት እጥፍ ይከፍላል፤ ይህን ሁሉ ከፍሎም ከመጀመሪያው ይልቅ የታመመ ነው። ከርካሽነት የተነሣ አስታጋሹን ብቻ መግዛት፣ የበሬ መኖ ቆጥቦ በእርሻ ጊዜ በሬ እንደመከራየት ያለ ቁጠባ ነው።

መድን የሌለው ገበሬ ወጪ በፓፉ ዋጋ ብቻ አይለካም። የመድኃኒትን አቅም የሚያጠኑ ባለሙያዎች አንድ መድኃኒት የዝቅተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ስንት ቀን ደመወዝ እንደሚፈጅ ያሰላሉ። መለኪያው ለከተማ ሰው ይበጅ ይሆናል። ገበሬው ግን ደመወዝ የለውም፤ ገንዘብ የሚያገኘው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የክረምቱ ጭጋግና ብርድ አስሙን ሲቀሰቅስበት ኪሱ ባዶ፣ ጎተራውም የተሟጠጠ ነው። ስለዚህ ለመታከም በግ ይሸጣል፤ የክረምት በግ ደግሞ ገዥ የሚጠፋለት ነውና በርካሽ ይሸጣል። ወይም ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። መኪና ከሚቆምበት ድረስ በቃሬዛ የተሸከሙት ጎረቤቶቹ የሥራ ቀናቸውን ያጣሉ። ለመሳፈሪያና ለማደሪያ፣ አብሮት ለሄደ አስታማሚም ቀለብ ይወጣል። ሐኪም ዘንድ ደርሶ የሚታዘዝለት ፓፍ ከዚህ ሁሉ ወጪ መካከል አነስተኛው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይሁንና እርሱን የሚገዛበት ገንዘብ በመንገድ ያለቀበት ሰው እንክብሉን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተቋቋመው ይህን ዓይነቱን ጉዳት ለመከላከል ነው። ሥራው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ከተመረጡት መካከል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ይገኙባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ አብዛኞቹ የገጠር ወረዳዎች ተዛምቷል። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ ይህም የታመመው ብቻ እየገባ ጤነኛው ውጪ እንዳይቀር ታስቦ የተደረገ ብልህ አሠራር ነው። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት መዋጮአቸውን ይሸፍናል። አባሉ በጤና ጣቢያ ታይቶ፣ ከአቅም በላይ ከሆነም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ተልኮ፣ ውል በተያዘባቸው ተቋማት ያለ ክፍያ ይታከማል። የክረምቱ በግ ሳይሸጥ ይተርፋል ማለት ነው። ዕድሩና ዕቁቡ ለዘመናት ሲያስተምሩ የኖሩት መረዳዳት ለሕመምም መዋሉ የሚያስመሰግን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መታወቂያውን ይዞ የመድኃኒት መስኮት ላይ የቆመው አባል «የለም፤ ከውጪ ግዛ» የሚል መልስ ሲሰጠው ነው። በአፍ የሚሳቡ ተከላካይ መድኃኒቶች በገጠር ጤና ጣቢያዎች ብርቅ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አስታጋሹም ቢሆን አንድ ጊዜ ተገኝቶ ሌላ ጊዜ ይጠፋል። በዚያች ዕለት መድን ያለውና መድን የሌለው ገበሬ በከተማው የግል መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ እኩል ቆመው እኩል ዋጋ ይከፍላሉ። ልዩነታቸው አንደኛው መዋጮም የከፈለ መሆኑ ብቻ ነው።

መደርደሪያው ለምን ባዶ ይሆናል? ጉዳዩ የጤና ሠራተኛው ግዴለሽነት ብቻ ተደርጎ ቢታይ ስሕተት ይሆናል። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛው ከመድኃኒት ሽያጭ ባገኘው ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ለመድን አባል የሚሰጠው መድኃኒት በዱቤ የተሰጠ ያህል ነው፤ ጤና ጣቢያው ሒሳቡን አጠናቅሮ ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ጽሕፈት ቤቱም መርምሮ ይከፍላል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን ገንዘብ ይታጣል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው ነገር፣ የአባላቱ ቁጥር በበዛ መጠን በዱቤ የሚወጣው መድኃኒትም የሚበዛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ክፍያ በሚዘገይበት ወረዳ የመድኑ መስፋፋት ራሱ መደርደሪያውን ያራቁተዋል። በዚህ ላይ ፓፉ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር የሚጠይቀው ብር በእጅጉ ጨምሯል። ባለፈው ዓመት ዋጋ የተመለሰለት ጤና ጣቢያ ዘንድሮ በዚያው ገንዘብ ያንኑ ያህል ፓፍ ሊገዛ አይችልም።

መድን መያዝና መድኃኒት ማግኘት አንድ አለመሆናቸው በባለጸጋ አገሮችም ታይቷል። በአሜሪካ የሴኔቱ የጤና ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት በርኒ ሳንደርስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ለአራት ኩባንያዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ ኮምቢቨንት የተባለው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት በአሜሪካ 489 ዶላር ሲሸጥ በፈረንሳይ 7 ዶላር መሆኑን አጋልጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስቱ ኩባንያዎች፣ ማለት ቦሪንገር ኢንግልሃይም፣ አስትራዜኔካና ጂ.ኤስ.ኬ.፣ ብዙዎቹ ሕሙማን ከኪሳቸው የሚከፍሉት በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ አስታወቁ፤ የሁለቱ ከጁን 2024፣ የሦስተኛው ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ቅናሹ መድን የሌላቸውን ሳይቀር የሚያካትት ሲሆን፣ በመንግሥት የጤና መድን የታቀፉት ግን በሕጉ ምክንያት ተጠቃሚ አልሆኑም። ቀደም ብሎም አንዱ ኩባንያ ፍሎቬንት የተባለውን ታዋቂ ተከላካይ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከገበያ ሲያወጣ፣ መድን እያላቸው ያለ መድኃኒት የቀሩ ወላጆች ለልጆቻቸው ምትክ ፍለጋ ተንከራተዋል። በዚያ አገር መድኃኒቱ በመደርደሪያው ሞልቶ ዋጋው ይከለክላል፤ እዚህ ደግሞ መድኑ ዋጋውን ከፍሎ መደርደሪያው ይጎድላል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች ዘመድ ያለው ሰው ፓፍ በሻንጣ ያስመጣል። ዘመድ ለዘመድ ማሰቡ መልካም ነው። ግን ከውጭ የሚላከው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። አንዳንዱ የሚረጭ፣ አንዳንዱ ዱቄት ሆኖ በኃይል የሚሳብ ነው፤ አንዳንዱ አስታጋሽ፣ አንዳንዱ ተከላካይ፣ አንዳንዱም የሁለቱ ድብልቅ ነው። ሐኪም ሳያየው ቀለሙን ብቻ አይቶ መጠቀም አደገኛ ነው።

ሌላው መስተካከል ያለበት ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ የመጨረሻ በሽተኛ መድኃኒት ነው የሚለው በየመንደሩ የሚነገር ወሬ ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በአፍ የሚሳበው መድኃኒት በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ መጠኑ ትንሽ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ የሚዋጠው የሳልቡታሞል እንክብል በደም ዞሮ ስለሚደርስ መጠኑ የበዛ ነው፤ የልብ ትርታ ያፈጥናል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል። ኤፌድሪንና ቴኦፊሊን የተቀላቀለበትን አሮጌውን እንክብል ከሱቅ እየገዙ ለዓመታት መዋጥም እንዲሁ ነው።

የተገኘው ፓፍ እንዳይባክን ማድረግ ደግሞ የገንዘብ ያህል ጥቅም አለው። ሕፃናትና ብዙ አዋቂዎች ርጭቱን ከትንፋሻቸው ጋር ማስተባበር ስለሚያቅታቸው መድኃኒቱ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለዚህ የሚያገለግለው የፋብሪካ መቀበያ ዕቃ ውድ ነው። ሆኖም በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ሔዘር ዛር የተባሉ የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስም ለተነሣባቸው ልጆች የፋብሪካውን ያህል እንደሚያገለግል አረጋግጠዋል። በየገበያው ወድቆ የሚገኘው የውሃ ጠርሙስ ማለት ነው። በቂጡ በኩል ከፓፉ አፍ ጋር ልክ የሆነ ቀዳዳ ይወጣለታል፤ ፓፉ ይገባበትና ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ ይታሸጋል። ከመጀመሪያው ጥቅም በፊት በሳሙና ታጥቦ በጨርቅ ሳይወለወል ራሱ እንዲደርቅ መተው አለበት፤ ያለዚያ መድኃኒቱ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። ልጁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ይረጭና አምስት ስድስት ጊዜ በዝግታ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ርጭት የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። ተከላካዩን የወሰደ ሰው አፉን መጉመጥመጥ አይርሳ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። 200ው ርጭት ካለቀ በኋላም ዕቃው እየተነፈሰ ይቀጥላል፤ የሚወጣው ግን መድኃኒት የሌለበት አየር ነው። ስለሆነም ቁጥር የማያሳይ ፓፍ የያዘ ቤተሰብ ርጭቱን በግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ቢቆጥርም አያሳፍርም። በሌሊት፣ መኪና በሌለበት፣ ባዶ ፓፍ ጨብጦ ከመገኘት ይሻላል።

የልማት ሠራተኛውም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። በኩበትና በእርጥብ እንጨት ጭስ የታፈነ ማድቤት ውስጥ እንጀራ የምትጋግር እናት፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችውም ሕፃን፣ መድኃኒት ቢሞላላቸው እንኳ ደረታቸው አያርፍም። ጭስ የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ለማገዶ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይበጃል። አስም ያለበት ሰው በውቂያ ጊዜ ከነፋሱ በላይ በኩል እንዲቆም፣ አፍና አፍንጫውን በነጠላ እንዲሸፍን፣ የተቻለ እንደሆነም የማዝራቱን ሥራ ለሌላ ሰጥቶ እርሱ ነዶ በማቅረብ እንዲተካ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ከብቱንና መኝታውን መለየትም እንዲሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርናው የልማት ሠራተኛ በአንድ ቀበሌ ሲሠሩ ይህን ተነጋግረው ቢያስተምሩ ሁለት ጊዜ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም።

ዋናው ኃላፊነት ግን ገንዘቡን በያዙት ላይ ነው። የወረዳ የመድን ጽሕፈት ቤት የጤና ጣቢያውን ሒሳብ በወቅቱ መክፈል አለበት፤ የዋጋ መናርንም ከግምት ማስገባት ይኖርበታል። ጤና ጣቢያው ግዢ ሲጠይቅ አስታጋሹን ብቻ ሳይሆን ተከላካዩንም ማካተት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ አስፍሯቸዋል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋም እንዲሰጡም መክሯል። በአንዳንድ ከተሞች እንደተደረገው በጤና ተቋሙ የታጣውን መድኃኒት አባሉ ያለ ክፍያ የሚወስድበት ውል ከሌላ የሕዝብ መድኃኒት ቤት ጋር መፈራረምም ይቻላል። አለበለዚያ በሚቀጥለው መኸር መዋጮ ሰብሳቢው ወደዚያው ቤት ሲመለስ ሰውየው አላድስም ቢል ሊወቀስ አይገባውም።

የመድኑ አባላት ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው። በጉባኤው ላይ ስንት ቤተሰብ ተመዘገበ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ የሚለው ሪፖርት ሁልጊዜ ይቀርባል። ባለፈው ዓመት ሁለቱ ፓፎች በጤና ጣቢያው ስንት ቀን ታጥተው ነበር ብሎ የሚጠይቅ አባል ቢነሣ መልሱን ለመስጠት የሚያስቸግር አይሆንም። እያንዳንዱ መድኃኒት የገባበትና ያለቀበት ቀን በመጋዘኑ ቢን ካርድ ላይ ተጽፎ ይገኛል።